አረጋሽ እና የእንዶድ አምባ ታንከር

አረጋሽ ተክለ ወልድ መሐል ሜዳ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1996 ዓ.ም. ስትቀጠር ለጽዳት ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች አባቷ ሞቱ፣ እናቷ አልጋ ያዙ፤ ትምህርቱ በዚያው ቀረና ዳኜን አገባች። ዳኜ እንዶድ አምባ ላይ ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ከእንዶድ አምባ እስከ መሐል ሜዳ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። አረጋሽ ይህን መንገድ ውርጩም ጭቃውም ሳይመልሳት ጠዋት ማታ ትመላለስበታለች።

ከትምህርት ቤቱ ክፍሎች ሁሉ ጽዳተኞች የሚሸሹት ላብራቶሪውን ነው። ብልቃጡ ይሰበራል፣ አሲዱ ልብስ ይበላል። እሷ ግን እዚያ ከገባች መውጣት አትወድም። መምህራኑን እየጠየቀች የጠርሙሶቹን ስም አንድ በአንድ ለየች፤ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደማይቀመጥ አወቀች። በአራተኛ ዓመቷ ርእሰ መምህሩ የላብራቶሪ ረዳት አደረጓት። ነጭ ካፖርት ለብሳ ወደ ቤት የተመለሰች ዕለት ዳኜ አይቷት፣ «ሐኪም መሰልሽ» አለና ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ካፖርቱን አጣጥፋ ከነጠላዋ ጋር አስቀመጠችው።

እንዶድ አምባ አፋፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። ምንጩ ገደሉ ሥር ነው፤ ወርዶ ቀድቶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በ2003 ክረምት አንዲት ነፍሰ ጡር እንስራዋን እንዳዘለች አንሸራትቷት ወደቀች፤ እሷ ተረፈች፣ ፅንሱ ግን አልተረፈም። ከዚያ በኋላ መንደሩ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። የኪዳነ ምሕረት ደብር ቄሰ ገበዝ፣ አባ መርስዔ ኃዘን፣ አንድ ሐሳብ አመጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ዝጎ ነበርና ከአንድ በጎ አድራጊ ቀለም ለምነው አስቀቡት፤ በዙሪያው አሸንዳ አስገጠሙ፤ ከሥሩም ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ዳኜም ግንቡን እየካበ፣ ሰፊ የሲሚንቶ ታንከር ተሠራ። የክረምቱ ዝናብ ከጣሪያው እየወረደ ሞላው።

የውሃ ኮሚቴ ሲመረጥ «የተማረች ናት» ብለው አረጋሽን አስገቧት። ሽማግሌዎቹ የቆመ ውሃ አንጠጣም ብለው ሲያመነቱ፣ ተነሥታ የተናገረችው እሷ ናት።

«ምንጩ ውስጥ ከብት ይገባበታል። ይሄ ግን ከሰማይ ወርዶ በቆርቆሮ የመጣ ነው፤ መሬት እንኳ አልነካውም። ልጆቻችሁን ከዚህ አጠጡ» አለች።

ሰዉም አጠጣ። ከታቦቱ ጣሪያ የወረደ ነው ብለው እንደ በረከት የሚያዩትም ብዙዎች ነበሩ።

ሦስት ዓመት አለፈ። የአረጋሽ ትንሽ ልጅ ጥሩሸዋ ስድስት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ሆዷን ያማት ጀመር። ከዚያ ፊቷ ገረጣ፤ የምትወደውን ቆሎ ሲሰጧት ትገፋለች፤ ትናንት የነገሯትን ዛሬ ትረሳለች። ጤና ኬላ የትል መድኃኒት ሰጧት፤ ትንሽ የተሻላት መስሎ ተመለሰባት። ጠበል ወሰዷት። ሌሎችም ቤቶች እንዲሁ ነበሩ፤ ግን በየቤቱ የልጅ ሆድ ሲታመም የኖረ ነውና ማንም አንዱን ከሌላው አላገናኘውም።

በጥር 2007 የጎረቤቷ የአዛለች ልጅ ምስክር ሞተ። አራት ዓመቱ ነበር። ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጡ መንገድ ላይ አለፈ። «የሚጥል በሽታ ነው» አሉ። አዛለችና አረጋሽ አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ እሳት የሚጫጫሩ ሰዎች ነበሩ። አረጋሽ የፈቃድ ቀኗን ሁሉ አዛለች ቤት እያደረች አስተዛዘነቻት።

በ2008 ጥቅምት ላይ ጽናት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው፤ ዓለም ከተማ በምትባለው ከተማ የተወለደች ናት። ለዶክትሬት ጥናቷ በመንዝና በግሼ የሚጠጣውን ውሃ እየዞረች ትመረምራለች። ላብራቶሪውን ለሁለት ወር እንድትጠቀም ተፈቀደላት፤ አረጋሽም እንድታግዛት ታዘዘች።

ጽናት ከሻንጣዋ ያወጣችው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ነበር፤ ቀጭን ብርዝ ይመስላል። ጥቂት ጠብታ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች። ብልቃጡን ውስጡ ጥቁር በተቀባ ሣጥን ውስጥ አስገብታ፣ ባንክ ቤት ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ዓይነት መብራት አበራችበት።

«እዪው እስቲ፣ እትዬ አረጋሽ።»

አረጋሽ በሣጥኑ ቀዳዳ አየች። ያ ብርዝ የመሰለው ውሃ ከራሱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣ ነበር። ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች።

«ከምን ተሠራ?»

«ከሎሚና ከዩሪያ።»

«ማዳበሪያው ዩሪያ?»

«እሱው። ሎሚውንም ከቆላ፣ ከእናቴ ጓሮ ነው ያመጣሁት። ጭማቂውን ከዩሪያ ጋር አፉ በጠበቀ የብረት ዕቃ ከትቼ ምድጃ ውስጥ ሳበስለው ይከስላል። የከሰሉ ቅንጣት ግን በዓይን አይታይም፤ አንዷ ከፀጉር ውፍረት ዐሥር ሺህ ጊዜ ታንሳለች። እንዲህ ስትደቅቅ ደግሞ በዚህ መብራት ታበራለች።»

«ታዲያ ለውሃው ምን ይረባል?»

«ውሃው ውስጥ አንዳንድ ብረታ ብረት ሟሙቶ ካለ ከቅንጣቷ ላይ ይለጠፍና ብርሃኗን ያዳፍነዋል። በበዛ ቁጥር ይበልጥ ይደበዝዛል። ዓይን የማያየውን፣ ምላስም የማይቀምሰውን ይነግረናል።»

አረጋሽ ሥራውን ቶሎ ለመደች። የመጣውን ውሃ ቀስ አድርጋ በማፍላት ዐሥሩን እጅ ወደ አንድ እጅ ትመልሰዋለች፤ ያለው ነገር እንዲጎላ። ከዚያ ጠብታውን ትቆጥራለች፣ ከንጹሑ ጋር ታስተያያለች። ዓይኗ ከጽናት ዓይን በልጦ ተገኘ፤ ጽናት «እኩል ናቸው» ያለቻቸውን እሷ «የግራው ሞቷል» ትላለች፤ ጽናት መለኪያ መሣሪያዋ ውስጥ ስታስገባው የአረጋሽ እውነት ይሆናል።

በጽናት መዝገብ ውስጥ የነበሩት ምንጮች፣ ወንዞችና የእጅ ፓምፖች ብቻ ናቸው። የጣሪያ ውሃ አልነበረበትም። አንድ ረቡዕ ግን አረጋሽ ጥሩሸዋ ሆዷን ይዛ ስታለቅስ ትታት ወጣች። መንገድ ላይ ልቧ እምቢ አላት። ተመልሳ ከታንከሩ አንድ ሊትር ቀድታ ወደ ላብራቶሪ ወሰደች። ለምን እንዳደረገችው ብትጠየቅ አታውቅም ነበር።

አፈላችው፣ ጠብታውን ጨመረች፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ መብራቱን አበራች። በጎኑ ያለው ንጹሕ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። የታንከሩ ግን ሊጠፋ እንዳለ ፍም ጭል ጭል ይል ነበር።

«ጽናትዬ፣ ነይ እስቲ» አለች። ድምፅዋ እንግዳ ሆኖባት ጽናት ሮጣ መጣች።

ጽናት በቀዳዳው አየች። «ከየት ነው?»

«ከእኛ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ።»

«ዝገት ሊሆን ይችላል። ብረትም ያዳፍነዋል፤ ብረት ብቻ ከሆነ አይከፋም። እንለየው።» ከመደርደሪያው አንድ ነጭ ጨው አወረደች። «ይሄ ጨው ብረቱን አንቆ ይይዘዋል። የደበዘዘው በብረቱ ከሆነ ብርሃኑ ይመለሳል።»

ጨመሩበት። ቆዩ። ብርሃኑ ጥቂት ከፍ አለ፤ ከዚያ በላይ አልተነሣም። ጽናት ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱም ያው ሆነ።

«ጣሪያው ተቀብቷል?»

«በቀይ። ዝገት እንዳይበላው።»

ጽናት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እርሳስ ይመስለኛል፣ እትዬ አረጋሽ። የድሮው ቀይ የዝገት ቀለም እርሳስ አለበት። ዝናቡ እያጠበ ያወርደዋል። ልጆችን ነው የሚጎዳው፤ ሆዳቸውን፣ ደማቸውን፣ አእምሯቸውን። ግን በዚህ ብቻ አልፈርድም። ውሃውን አዲስ አበባ ልልከው፤ እዚያ ትልቅ መሣሪያ አለ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

«እስከዚያስ?»

«እኔ ብሆን አልጠጣውም።»

አረጋሽ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ዳገቱ መቼ እንዳለቀ አላወቀችም። ለዳኜ ብቻ ነገረችው። ዳኜ አልጠየቃትም፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አህያውን ጭኖ ወደ ምንጩ ወረደ። ለሌላ ሰው ግን አልተናገረችም። ብትሳሳትስ? ሴቱ ሁሉ እንደገና ገደል ሊወርድ ነው። አባ መርስዔ ኃዘንን ምን ትላቸዋለች? ከሁሉም በላይ ግን፣ «ጠጡ» ያለችው ራሷ ናት። ውጤቱ ይምጣና ያን ጊዜ እናገራለሁ እያለች አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን ሆነ። በዘጠኙም ቀን አዛለች ሕፃን ልጇን አዝላ ከታንከሩ ስትቀዳ በአጥሩ ቀዳዳ ታያት ነበር።

በዐሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ አዛለች ራሷ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ከበሩ አልገባችም።

«አረጋሽ፣ ዳኜ በየማለዳው ከምንጭ ይቀዳል። ታንከሩ በደጃችሁ እያለ። ምን ብታውቁ ነው?»

አረጋሽ መዋሸት አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻት። አዛለች እስኪያልቅ ሰማች። ከዚያ እጇን በሩ መቃን ላይ አሳረፈች።

«የኔ ምስክርስ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት አዎ ማለት ነው?»

«አላውቅም ማለት አላውቅም ነው፣ አዛልዬ። መምህርቷንም ጠይቄያታለሁ፤ ከሞተ በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም አለችኝ።»

 አዛለች ድምፅዋ ሳይነሣ፣ «ጠጡ ያልሽን ሳታውቂ ነው፤ እሱን ይቅር እልሻለሁ» አለች። «ዘጠኝ ቀን ግን እያወቅሽ ነው። ይቺን ልጄን ሳጠጣት እያየሽ።»

ሄደች።  አረጋሽ ነጠላዋን ለበሰችና ቀጥ ብላ አባ መርስዔ ኃዘን ቤት ወረደች።

አባ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በሽበት የተሸፈኑ ሰው ናቸው። አረጋሽ መስቀል ተሳልማ ቆማ ተናገረች። በመካከሉ አንዴም አላቋረጧትም።

«ቀለሙን ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ መጨረሻ ላይ።

«ጠጡ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ያን መብራት ነገ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ? ወሬ ብንነግረው ሰዉ አይሰማንም። በዓይኑ ይየው።»

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ሕዝቡ በዐውደ ምሕረት ተሰበሰበ። ጽናት በዋዜማው መልእክት ደርሷት፣ መብራቱን ይዛ ከመሐል ሜዳ በጠዋት በእግሯ መጥታ ነበር፤ ንግግሩን ግን ለአረጋሽ ተወችው። «አንቺን ያውቁሻል፤ እኔን ማን ያምነኛል?» አለቻት።

አረጋሽ ነገረቻቸው። ከዚያ መኳንንት የሚባል ጎልማሳ፣ ጣሪያው ሲቀባ መሰላል ላይ የዋለው፣ እየተቆጣ ተነሣ።

«እርሳስ? ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ? እኔም ተማሪ ሳለሁ ስነክሰው ነው ያደግሁት፤ አልሞትኩም!»

«በስሙ እርሳስ እንለዋለን እንጂ፣ መኳንንት፣ የሚጻፍበት ከሰል ነው። ይሄኛው ጥይት ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ አባቶቻችሁ እያቀለጡ ሲያፈሱት ያያችሁት፣ ከባዱ።»

መኳንንት ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያ አገር ያን እርሳስ የማያውቅ ወንድ የለም።

«ዝገት ቢሆንስ?» አለ ሌላው።

«ዝገቱን ለይተነዋል። ኑና እዩት።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ቀትርም ቢሆን ድቅድቅ ይላል። መጀመሪያ የገቡት አባ መርስዔ ኃዘን ናቸው። አረጋሽ ሁለት ብልቃጥ አቀረበችላቸው፤ አንዱ የምንጩ፣ አንዱ የታንከሩ። በባትሪ የሚሠራው መብራት ሲበራ የምንጩ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ደመቀ። በጎኑ ያለው ፈዝዞ ቀረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አሉ በሹክሹክታ። «ይሄን ነው ያጠጣኋቸው?»

አረጋሽ መብራቱን አጠፋችው።

ከእሳቸው በኋላ ሰዉ አምስት አምስት እየሆነ ገባ። ሲገባ የሚያጉረመርመው ሲወጣ ዝም ይል ነበር። ያላመኑም ነበሩ፤ «የመብራት ብልሃት ነው» ያሉም አልጠፉም። አዛለች ገብታ አይታ ወጣች፤ ወደ አረጋሽ ግን አልተመለከተችም። አባ መርስዔ ኃዘን የታንከሩን ቧንቧ በሽቦ አሰሩት፣ ቁልፍ ጣሉበት፤ ቁልፉን ለሕዝቡ አስረከቡና፣ «የአዲስ አበባው መልስ ደኅና ነው ካለ እናንተው ትከፍቱታላችሁ» አሉ።

መልሱ ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ መጣ። በውሃው ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚፈቀደው ሠላሳ እጥፍ በላይ ነበር። ከጣሪያው ተፍቆ የተላከው ቀለምም ያንኑ መሰከረ።

ጥሩሸዋንና ሌሎች ዐሥራ አንድ ልጆችን ደብረ ብርሃን ወስደው አስመረመሯቸው። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፤ አልደበቃቸውም። ከውሃው መራቃቸው ትልቁ መድኃኒት እንደሆነ፣ ወተትና ደም የሚተካ ምግብ እንደሚረዳቸው፣ የሆድ ሕመሙ እንደሚለቃቸው ነገራቸው። «ትምህርት ላይ ግን» አለ፣ «አንዳንዶቹ ሊዘገዩ ይችላሉ። ያን አሁን ማወቅ አይቻልም።»

ጣሪያው ተፈቀፈቀ፤ ፍቅፋቂውም በማዳበሪያ ከረጢት ተሰብስቦ ርቆ ተቀበረ። እንዶድ አምባ እንደገና ገደል መውረድ ጀመረ። አባ መርስዔ ኃዘን የቄሰ ገበዝነቱን ሹመት ለሌላ ቄስ አስረከቡ። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ውስጥ፣ ጠምጣሚያቸውን እንደጠመጠሙ፣ አህያ እየነዱ ላረጁና ለታመሙ ሰዎች ውሃ ሲያመላልሱ ይታዩ ነበር። ሰዉ ሊቀበላቸው ሲሮጥ፣ «ተዉኝ፣ ንስሐዬ ነው» ይሉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ክረምት አረፉ። ቀብራቸው ላይ አረጋሽ አልቅሳ አልወጣላትም።

ከላይ ካለ ምንጭ በቧንቧ ውሃ የገባው በ2010 መጀመሪያ ነው። ከመከፈቱ በፊት ቦኖው ላይ የመጀመሪያውን ብልቃጥ የሞላችው አረጋሽ ናት። ጽናት ጥናቷን ጨርሳ ስትሄድ መብራቱን ትታላት ነበር፤ ፈሳሹንም በየጊዜው ትልክላታለች። አረጋሽ በበዓል ቀንና በክረምት ዕረፍቷ፣ ጣሪያቸው ወደተቀባ ደብሮችና ትምህርት ቤቶች በእግሯ እየሄደች ውሃ ትቀዳለች። እስከ ዘመሮ ድረስ ሄዳለች። ማንም አልላካትም። የደበዘዘ ስታገኝ ያንኑ ቀን ትናገራለች፤ «መምሰሉን አይቻለሁ፣ እርግጡ አዲስ አበባ ነው፤ እስከዚያ ግን አትጠጡ» ትላለች። ያባረሯት አሉ። ያመሰገኗትም አሉ።

ጥሩሸዋ ሆዷን ማመሙ ተዋት፤ ጉንጯም ቀላ። ፊደሉን ግን ሌሎቹ ልጆች በአንድ ዓመት የጨረሱትን እሷ በሦስት ዓመት ነው የያዘችው። ማታ ማታ ዳኜ አጠገቧ ተቀምጦ ጣቱን ከጣቷ ጋር እያስኬደ ያስቆጥራታል። አረጋሽ እያየቻቸው አንዳንዴ ወደ ውጭ ትወጣለች።

አዛለች ለሁለት ዓመት ተኩል አላናገረቻትም። በልቅሶ ቤት ቢገናኙ ትነሣለች። አረጋሽም ሽማግሌ አልላከችባትም። የሚታረቁበት ነገር እንዳልሆነ ታውቀዋለች፤ በእያንዳንዱ የምስክር ሙት ዓመት ብቻ አንድ እንቅብ ገብስ አጥሩ ሥር ታስቀምጣለች። አዛለች አላነሣችውም፤ አልመለሰችውምም። ጎረቤት ነው የሚወስደው።

በ2010 ግንቦት፣ የልደታ ማግስት፣ አረጋሽ ከሥራ ስትመለስ አዛለች ከበሯ ላይ ቆማ አገኘቻት። በእጇ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ አለ።

«ከእኅቴ አገር ነው ያመጣሁት» አለች፤ ሰላምታ አላስቀደመችም። «እነሱም ከጣሪያ ነው የሚጠጡት። ሁለት ልጆቿ ሆዳቸውን ይላሉ።»

አረጋሽ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ነገ ጠዋት አየዋለሁ። ማታ ሳልገባ እነግርሻለሁ።»

«ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች አዛለች። «ስታዪው እኔም ልየው።»

በነጋታው ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ብዙ ሳይነጋገሩ፣ የመሐል ሜዳን መንገድ ያዙ።